ወንበሩ ሰው አለው

«ተጀመረልህ፣ አባዬ!» ብላ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና ወደ ስፌት መኪናዋ ሮጠች። የዳኛው ፊሽካ ሲነፋ እሷ የመጀመሪያውን ኮሌታ ይዛለች። በሳሎኑና በሥራ ክፍሏ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው፤ እሱንም ምናልባት ቢጠራኝ ብላ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሰካችው ፍላሽ ውስጥ ያለው ጨዋታ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። የአህጉሩ ዋንጫ ፍጻሜ፤ አረንጓዴ ለባሾቹ የኛ ልጆች ሁለት ለባዶ ተመርተው ሦስት ለሁለት ያሸነፉበት። አባቷ ግን በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንደ አዲስ ያየዋል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ፣ የከተማውን ጥጋጥግ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ ከመኝታ ቤቱ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው መንገድ ይጠፋዋል። ጨዋታው እስካለ ድረስ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ይህን ያወቀች ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሳምንት ሲቀራቸው ሁለት ሰዓት ስንት ዩኒፎርም ያሰፋል!

«ዛሬ ስንት ለስንት ይመስልሻል?» ይላታል ከመጋረጃው ወዲያ።

«ሦስት ለሁለት» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሲያልቅ «አንቺስ ነቢይ ነሽ!» ብሎ ይገረምባታል። መጀመሪያ ሰሞን ያስቃት ነበር። አሁን አሁን ነቢይ ባላት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የገዛ አባቱን እያታለለ የሚውል ነቢይ የት አገር ታይቶ ያውቃል?

ሌላም ነገር አለ። «ነይ እንጂ ተቀመጪ፤ ኳስ ለብቻ ምን ይጥማል!» እያለ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ትራሱን ያደላድላል። «መጣሁ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ» ትላለች። እጅጌው ያልቃል፤ ሌላ እጅጌ ይተካል። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ጨዋታውን በጆሮዋ ሸምድዳዋለች፤ ጋዜጠኛው በየትኛው ደቂቃ እንደሚያስለው ሳይቀር ታውቃለች። በዓይኗ ግን አንድም ጎል አላየችም።

ዛሬ ግምቷንም አልጠየቃት። የመጀመሪያው ጎል ገባባቸው፤ ሁለተኛው ተደገመ፤ እረፍት ሆነ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ነይ የሚል የለም። ለምኖ ለምኖ የተወ ሰው ዝምታ ነው። አረንጓዴዎቹ ሁለቱንም መልሰው አቻ ሲሆኑ እንኳ አልጠራትም። እግሯ ፔዳሉን መርገጥ ተወ። እጅጌውን መርፌው ሥር እንደተሰካ ትታ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መጋረጃውን ገለጠችና ወንበሩን ሳብ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፣ መዳፉን ፈጥኖ ትራሱ ላይ አኑሮ። «ሰው አለው።»

ወልዶ ያሳደጋት አባቷ አንቱ አላት። እስከ ዛሬ መንገድ እንጂ ሰው ጠፍቶት አያውቅም ነበር።

«የማን ነው?» አለች እንደምንም።

«የልጄ። አሥር ዓመቷ ነው። ሁለት ሲገባብን ተናደደችና ገመድ ልትዘል ወጣች።» ከደረት ኪሱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የደብተር ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ ጠዋት የጻፈችው ግምቷ። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔ ግን አምናታለሁ።»

«3 ለ 2 እናሸንፋለን። ሚጢጢ» ይላል፤ በእርሳስ፣ በገዛ እጇ፣ በልጅነት መጠሪያዋ። ሃያ ስምንት ዓመት የት አኑሮት እንደኖረ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ሚጢጢ ያን ቀን የሦስተኛውን ጎል ጩኸት የሰማችው ጎረቤት ግቢ ሆና ነው። ገመዱን ጥላ እየሮጠች ስትገባ ጨዋታው አልቋል። አባቷ አልተቆጣትም። «ግድ የለም፤ ሌላ ጊዜ አብረን እናየዋለን» ነበር ያላት። ሌላ ጊዜውን እሷ ራሷ በየቀኑ ስትከፍትለት ኖራለች፤ ከፍታም ጥላው ስትሄድ።

«ባትመጣስ?» አለችው።

«ትመጣለች እንጂ!» ቅር ብሎት ነበር። «ሥራ በዝቶባት ነው። ማን አላት፣ ሁሉንም ብቻዋን ነው የምትሠራው። አይፍረዱባት።»

አሥር ዓመቷ ነው ባለ አፉ። የአሥር ዓመቷና የሠላሳ ስምንቷ ልጁ አንድ ላይ ተደባልቀውበታል፤ ለሁለቱም ግን ይከራከርላቸዋል። «አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» ልትለው ፈለገች። ግን በምን አፏ? ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ነው። ኮርና። ጋዜጠኛው አሁን ያስለዋል፤ አሳለው። ኳሷ ተሻገረች ይላል፤ አለ። እሷ ያኔ ያመለጣትን ጎል ሳይሆን ያኔ ያመለጣትን የአባቷን ፊት ማየት ፈለገችና ዞር አለች።

«ጎ...ል!» ስታዲየሙ ተናጋ።

አባቷ ቴሌቪዥኑን አያይም። መዳፉን ትራሱ ላይ እንዳኖረ፣ አንገቱን አስግጎ የውጭውን በር ያያል።