የነጣው ገንዳ

ሙሽራዋ «አባባ፣ የዓሣ ገንዳው ጸድቷል» ስትላቸው፣ አማቷ በብሩሽና በውኃ ብቻ የፈገፈገችው መሰላቸው። ዓሦቹን ያቆዩበትን ባልዲ አንስተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

«ጉድ ነው! ሲሚንቶው እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?» አሉ፣ ውኃ የተሞላው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተንበርክከው። «ያ ባልሽ አንዴ በሳሙና አጥቦ ዓሦቼን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ድርሽ አላስብለውም። አንቺ ግን እጅሽ ይባረክ!»

በበረኪና የተላጠ መዳፏን በቀሚሷ ሸፈነች። ወደዚህ ቤት ከገባች ገና ሳምንቷ ነበር። ባልዲው ቀስ ብሎ ተዘነበለ። ትልቁ ብርቱካናማ ዓሣ አፉን እየከፈተና እየከደነ ከውኃው ጋር ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ። በድንገት ባልዲውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ገፋችው። ውኃው አማቷ ፊት ላይ ተረጨ፤ ዓሣው ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ወደቀ።

«በበረኪና ነው ያጠብኩት፤ በደንብም አላለቀለቅኩትም» አለች።

አማቷ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ባልዲውን አስያዟት።

«አጥብቀሽ ያዢ» አሏት፤ እጃቸውንም ውኃው ውስጥ ሰደው የገንዳውን ውታፍ ነቀሉ።