የሰገነቱ ቁራኛ

የቀን ሠራተኛው ገሜዳ ዲጂኖውን ወደ ሰገነቱ ምሰሶ ሲያነሳ፣ እማማ ወለተጻድቅ ደረጃውን ወርደው ከፊቱ ተገተሩ። በቀራንዮ ሰፈር በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ ሰገነት የቀረው ይህ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ቀበሌው ደግሞ አፍርሶ አዳራሽ ሊሠራበት ቆርጧል።

«እማማ፣ ዞር ይበሉ። ይህ የፊውዳል ቅሪት ነው» አለ ካድሬው ጓድ አምሐ።

«ቅሪትስ አንተ! አዲሱ ጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታችሁ ትሰበሰባላችሁ፤ ሰባ ክረምት ያልበገረውን ቤት ግን ታፈርሳላችሁ!»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እሳቸው ግን ጥንት በቁራኛ እንደሚታሰሩ ከሳሽና ተከሳሽ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከአምሐ ካኪ ኮት ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። «በሕግ አምላክ! ዳኛ ፊት ሳትቆም ንቅንቅ እንዳትል።»

«ይሄ ድሮ ቀረ! ደግሞስ በምን ሊከሱኝ? ቤቱ ተወርሷል፤ የእርስዎ አይደለም።»

«እውነትህን ነው፤ ከሳሹ እኔ አይደለሁም።» ነጠላውን ከትከሻቸው አውርደው ሌላኛውን ጫፍ ምሰሶው ላይ አሰሩት። «ከሳሽህ ይኸውልህ። በል ፍታው! አባትህ ግን በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም ሰው ነበር።»

አምሐ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ጣቶቹ ነክተውት እዚያው ቀሩ። ከኋላው ገሜዳ ዲጂኖውን መሬት ላይ አጋደመና ቆቡን አወለቀ።

«ጓድ፣ ዳኛ ይጠራ እንጂ» አለ።

እማማ ወለተጻድቅ ደረጃው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ይጠራ፤ ግን አትቸኩሉ። ምሰሶው እንደሆነ መቆም አይሰለቸውም፤ የሚደክመው ይኼኛው ተከሳሽ ነው።»