የአየር ጉድጓድ

መሐንዲሱ ለወርቅ ማውጫው የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ሲነድፍ በችግር ጊዜ ሰው እንዲወጣበት አድርጎ አሰፋው። ሥራ አስኪያጁ አቶ መንገሻ ንድፉን አይተው ሳቁ።

«ለመሆኑ በዚህ የሚያልፈው አየር ነው ወይስ ሰው?»

«አየር ነው፤ ክፉ ቀን ከመጣ ግን ሰውም ይወጣበታል።»

«በዚህ ወጪማ ባለቤቶቹ ሥራውን ይዘጉታል፤ ያ ሁሉ ሠራተኛ የት ይግባ? እስቲ ንገረኝ፣ ጉድጓዱ ጠባብ ቢሆን አየሩ ይበቃል አይበቃም?»

መሐንዲሱ አሰላው። ጠንካራ ማራገቢያ ከተገጠመለት ይበቃል። እውነቱን ተናገረና በጠባቡ ንድፍ ላይ ፈረመ።

በክረምቱ ዝናብ የዋናው መግቢያ ጣሪያ ተደርምሶ ስምንት ሰዎች ከውስጥ ቀሩ። በላይ ያለው ሁሉ ወደ አየር ጉድጓዱ አፍ ሮጠ። መሐንዲሱ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች ተጣራ። የፎርማኑ የጉዮ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ሁላችንም ደህና ነን!»

ሕዝቡ እልል አለ። የስምንቱ ሚስቶች ተቃቀፉ። አቶ መንገሻ የመሐንዲሱን እጅ ይዘው አለቀሱ። ጉድጓዱ የሰው ትከሻ ባያሳልፍም ምግብ በገመድ ይወርድበታል፤ መግቢያውን ለመጥረግ ቢበዛ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሱ እንደገና ተጣራ።

«ጉዮ፣ አይዟችሁ፣ እየቆፈርን ነው! አየሩ እንዴት ነው?»

«አየሩስ ጥሩ ነው ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጉዮ። ከዚያም፣ ላይ ያለችው ሚስቱ እንዳትሰማው ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሃው ግን ደረታችን ደርሷል።»