የታጠበችው ሹራብ

ወርቅያንሱ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን አለፈች። በዚያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ትምህርት በአንድ ጠዋት በመሣሪያ ጭንቅላት ውስጥ ይፈስስ ነበር። ዕድሜው ከገፋ ሰው ግን ቦታ ለመልቀቅ የሆነ ትዝታ ይወጣል፤ የትኛው እንደሚወጣ መምረጥ የለም።

ባሏ ባንተይርጋ የደስታውን ኬክ ይዞ ሲገባ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ትንሽ ሹራብ ውሃ ታንጠባጥባለች። ልጃቸው መልካሙ ታሞ ሲሞት የለበሳት ናት። ጠረኑ እንዳይጠፋባት ወርቅያንሱ ውሃ አስነክታት አታውቅም ነበር። ነርስ ልሁን ያለችውም በሱው ሐዘን ነው።

«ባንቴ፣ ይሄን የማን ልጅ ነው የረሳው?» አለችው እየሳቀች። «ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ እንዴት አድፎ ነበር መሰለህ!»

«የ... የጎረቤት ነው። እመልስለታለሁ።»

ወደ ጓዳ ስትገባለት ሹራቧን አፍንጫው ላይ አደረጋት። ሳሙና ሳሙና ትላለች።