ከባሕር የባሰ ጨው

ዋሂዳ ጣቷን የዓሣ ገንዳው ውስጥ ነክራ ቀመሰች። ሁለቱ ዓሦች ጠዋት ሞተው ወጥተዋል፤ የቀረችው ብርቱካናማዋ በጎኗ ተንጋዳ ታጣጥር ነበር። እመቤቲቱ ከኋላዋ ቆማለች።

"በረኪና ጨመርሽበት?"

"ወላሂ ማማ፣ አልነካሁም።"

"ታዲያ ምን ገደላቸው? ዓይን በላቸው? ይህችም ከሞተች ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ።"

በየመኗ የወደብ ከተማ በዓደን፣ ሠራተኛዋ ዋሂዳ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ አልነበራትም። እንደገና ቀመሰች። ውሃው ከባሕሩ የባሰ ጨው ነበር። ገንዳው ከተገዛ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ በሙቀቱ በየቀኑ ሲጎድል፣ የእመቤቲቱ ባል ባባ "የባሕር ዓሣ የባሕር ውሃ ነው የሚፈልገው" ብለው በጀሪካን ያመጡትን እሷ ትሞላበት ነበር።

"ማማ፣ ጨው በዝቶባት ነው። መረቅ ሲፈላ ውሃው ይተናል እንጂ ጨው የት ይሄዳል? እኛ ደግሞ ሌላ ጨው እንጨምርበታለን። የጎደለውን በሚጠጣ ውሃ፣ ቀስ እያልን እንሙላው።"

ዋሂዳ ከጨዋማው ውሃ ትንሽ ቀድታ አወጣችና የሚጠጣውን በብርጭቆ፣ በገንዳው ጠርዝ በኩል፣ በየመሃሉ ቆም እያለች ታንቆረቁር ጀመር። ሦስተኛው ላይ ዓሣዋ ጅራቷን አንቀሳቀሰች፤ እየተንገዳገደች ቀና አለች። ዋሂዳ ፈገግ ብላ ዞረች።

እመቤቲቱ ግን የምታየው እሷን ነበር።

"ለካስ ታውቂ ኖሯል። እያወቅሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨው ስታበያቸው ከረምሽ!"

"ባባ ናቸው እኮ ያዘዙኝ..."

"በባሌ ደግሞ ታሳብቢያለሽ? ልብስሽን ሰብስቢ!"

አራተኛው ብርጭቆ በእጇ ነበር። ዋሂዳ ዓሣዋን አየቻት፤ ከዚያ ውሃውን ራሷ ጠጣችው።