የእታገኘሁ ሳጥን

ይህን ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ቤቶች ዕቃቸውን ራሳቸው ማስተካከል በጀመሩበት ዘመን፣ ሰው ሦስቴ ያደናቀፈን ዕቃ ግድግዳው ይውጠው ነበር። ጋሽ ቢራራን የሟች ሚስታቸው የእታገኘሁ ሳጥን፣ ቤቱ መቁጠር ከጀመረ ወዲህ፣ ሁለቴ አደናቅፏቸው ነበር። በሕይወት ሳለች ባደናቀፋቸው ቁጥር፣ «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እግራቸው እንደገና ከሳጥኑ ተጋጨና ተንገዳገዱ።

«አባባ፣ አደናቀፈዎት?» አለ ቤቱ። ግድግዳው አፉን ከፈተ።

«ምን ያደናቅፈኛል! እየጨፈርኩ ነው እንጂ!» አሉና በሰማንያ ዓመታቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እስክስታውን አስነኩት።

ቤቱም ዘፈን ከፈተላቸው።

እሺ፣ ዘፈኑን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሽማግሌው ጭር ባለ ቤት ብቻቸውን ነው የጨፈሩት፣ ግድግዳው ባዶ አፉን እስኪዘጋ።