የተመለጠው ጅራት

የሙዚየሙ ጠባቂ ከግዙፉ የዳይኖሰር አጽም የኋላ እግር ጀርባ ተደብቃ ታላቅ እህቷን ትሰልላለች። የምሳ ሰዓት ነው፤ ጎብኚው ወጥቶ አዳራሹ ጭር ብሏል። የጽዳት ሠራተኛዋ እህቷ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ላባ ወደለበሰው ዳይኖሰር ተጠጋች። ግራ ቀኝ አየች። ከጅራቱ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሳችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ያዝኩሽ!» አለች ጠባቂዋ በሆዷ።

ዳይኖሰሩ ከሰው ወገብ አይበልጥም። የወፎች ዘመድ መሆኑ እንዲታይ ባለሙያዎቹ እውነተኛ የዶሮ ላባ አንድ በአንድ ለጥፈውበታል። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ሰሞን አምሮበት ነበር። አሁን ግን ጅራቱ ተመልጦ ለድስት የተሰናዳ ዶሮ መስሏል። ጠዋት አንዱ ተማሪ «የዶሮ ቅድመ አያት ይሄ ነው? በእርጅና ነው የተመለጠው?» ብሎ ጓደኞቹን በሳቅ ገድሏቸዋል። ኃላፊው ግን አልሳቀም።

«ላባ በእግሩ አይሄድም» አላት። «እስከ ማምሻ ሌባውን ካላገኘሽ ነገ ሌላ ጠባቂ እቀጥራለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ያልጠረጠረችው ሰው የለም። ባርኔጣ ያጠለቀውን መምህር ጠረጠረች፤ ልጅ ያዘለችውን እናት ጠረጠረች፤ ሌላው ቀርቶ አስጎብኚውን ሳይቀር ከኋላ ከኋላው ስትከተል አረፈደች። መጨረሻ ላይ፣ እህቷ ቤቷ ትራስ እየሰፋች እንደምትሸጥ ትዝ አላት። ትራስ ደግሞ በምን ይሞላል? እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት፤ ማሰቧን ግን አልተወችም። ነገር በዓይን ይገባል፤ ይኸው በዓይኗ አየች።

ከተደበቀችበት ወጣች። «እትዬ፣ ኪስሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ውይ! በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው እንዴ? እኔ አንቺን ስፈልግ የት ገብተሽ ነው?»

«ኪስሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

እህቷ አንዲት ላባ አወጣች። «መሬት ወድቃ አገኘኋት። ላንቺው ልሰጥሽ ነበር።»

«ሰው ሲያዝ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሲያዝ?» እህቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከዚህ ቤት አንዲት ላባ ነቅዬ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እንግዲያው ቦርሳሽን ክፈቺው።»

እህቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጨበጠች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ደጅ ጠንታ እዚህ ያስቀጠረቻትም እሷው። ጠባቂዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ሥራዋን ማጣትን ከምንም በላይ ፈርታለች።

«እኔን ነው?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሥራዬ ነው።»

«እሺ። ፈትሺ።»

ጠባቂዋ ቦርሳውን ተቀብላ ነጠላ ጫማ አወጣች። ሻሽ አወጣች። ከሥር በፌስታል የተቋጠረ የምግብ ሳህን አገኘች። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት፤ ግን ጥርጣሬዋ አልለቅ አላትና ክዳኑንም ከፈተችው። ሩዝ በድንች ነው። ከጎኑ በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት ማንኪያዎች አሉ።

«ምሳ ሳትበዪ ስትቀሪ አብረን እንበላለን ብዬ ይዤልሽ መጣሁ» አለች እህቷ።

ይህን ስትል አንዲት ላባ ከላይ እየተንሳፈፈች መጥታ ሩዙ ላይ አረፈች። ሁለቱም ቀና አሉ። ከጣሪያው መብራት ጀርባ፣ ግማሽ የደረሰ ጎጆ ጠርዝ ላይ አንዲት ድንቢጥ ቆማለች። ላባ ጎጆውን ሞልቶ ወደ ውጭ ፈስሷል። ድንቢጧ ሰዎቹን ከቁብ ሳትቆጥር ሽው ብላ ወረደች፤ የዳይኖሰሩ ጅራት ላይ ተቀምጣ አንድ ላባ በምንቃሯ ጎትታ ነቀለችና የራሷን ንብረት እንደወሰደች ሁሉ ተረጋግታ ተመለሰች።

«በይ፣ ሌባሽ ተገኘች» አለች እህቷ። «ሥራሽም ተረፈ።»

ጠባቂዋ ልትስቅ ሞከረች። አብረው ቢስቁ የሚያልፍ መሰላት። «እትዬ፣ እኔ እኮ...»

እህቷ ላባዋን ከሩዙ ላይ አንስታ ጣለች። ጫማዋንና ሻሿን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሳህኑን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ሶፍቱን ፈትታ፣ አንዱን ማንኪያ ሳህኑ አጠገብ ትታ፣ ሌላውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።